ያልተበላሸው ሞተር ለምን ከገበያ ወጣ?

አዘዞ አንድ ጋራዥ አለ። ሞተር ሳይክሌ እዚያ ከቆመች አራት ወር ሆናት። ሞተሯ አልሞተም፤ ዛሬም አንዴ ሲረግጧት ትነሳለች። የጠፋው የፍሪሲዮን ዕቃ ነው። ስሟን አልጠራም። ያመጧት ነጋዴዎች «ርካሽ ናት፣ ጠንካራ ናት» እያሉ አንድ ሁለት ዓመት ሸጧትና ተዉት። እሷ እዚህ ቀረች፣ ዕቃዋ እዚያ ቀረ።

ባለፈው ቅዳሜ ነገሩ ምን ላይ እንደደረሰ ልጠይቅ ሄድኩ። ጋሼ (መካኒኩን ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው) እጃቸውን በናፍጣ እየታጠቡ ነበር። ረዳታቸው ስልኩ ላይ አፍጥጧል። አንድ ሰውዬ ነጭ ተራራ ላይ ጎማ በሌለው ነገር ይበራል። ጋሼ በልጁ ትከሻ በኩል አዩና፣

«ይሄ ደግሞ ጎማ የለውም እንዴ?» አሉ።

«ስኖውሞቢል ነው ጋሼ። በረዶ ላይ የሚነዳ።»

«ማነው የሚገዛው?»

«ፈረንጅ ነዋ። አሁን ግን ገዢው ቀንሷል። ከአራቱ ትልልቅ ብራንዶች አንዱ ጭራሽ ትቶታል።»

«ይበላሻላ!»

ወሬው የተጀመረው እዚህ ላይ ነው። ምክንያቱም የተወው ያማሃ ነው። ያማሃ ደግሞ በዚህ ሥራ «ሞተሩ አይሞትም» ተብሎ የሚመሰገነው ነው። ጋሼ አላመኑኝም። በርጩማ ላይ ቁጭ ብለን ያወራነውን፣ ቤት ገብቼ ካሰባሰብኩት ጋር እነሆ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ከቃሉ እንነሳ። እኛ በረዶ ስንል ክረምት ላይ ቆርቆሮ የሚደበድበውን ነው የምናስበው። ከደባርቅ ወዲያ ሰሜን ተራራ ላይ አንዳንድ ሌሊት መሬቱ ነጭ ሆኖ ያድራል፤ ረፋድ ላይ ፀሐይ ታነሳዋለች። የካናዳው ሌላ ነው። ጥጥ መስሎ ይወርዳል፣ ወገብ ድረስ ይቆለላል፣ ወራት ይቀመጣል። መኪና ይሰምጥበታል። ስኖውሞቢል የተሠራው ለዚህ ነው። ከፊት ሁለት ስኪ፣ ማለት በረዶ ላይ የሚንሸራተት ረጅም ጠፍጣፋ እግር አለው፤ መሪው የሚያዞረው እነሱን ነው። ከኋላ እንደ ዶዘር ሰንሰለት የሚሽከረከር ሰፊ የጎማ ምንጣፍ አለ። ክብደቱን ሰፊ ቦታ ላይ ስለሚያሳርፍ አይሰምጥም።

የበጋ ወንድሞችም አሉት። አንዱ ኮርቻ ያለው ባለ አራት ጎማ ሞተር ነው፤ ኳድ ይሉታል። ሌላው ሰው ጎን ለጎን የሚቀመጥበት፣ ጂፕ የሚመስል ትንሽ መኪና ነው። ጭቃ፣ አሸዋ፣ ድንጋይ አይመርጡም። የሚሠሯቸው በአብዛኛው ያው ኩባንያዎች ናቸው፤ የሚሸጧቸውም ያው ሱቆች። የአንዱ ገበያ ሲቀዘቅዝ ባለሱቁ በሌላው ነው የሚኖረው። ችግሩ ሁሉም በአንዴ ሲቀዘቅዝ ነው።

የማሽኑ አባት ጆሴፍ አርማንድ ቦምባርዲየር የሚባል የካናዳዋ ኩቤክ ግዛት መካኒክ ነው። አገሩ ቫልኩር የምትባል ትንሽ ከተማ። በ1934 በብርዱ ወራት የሁለት ዓመት ልጁ ታመመ። መንገዱ በበረዶ ተዘግቷል። ሆስፒታል ማድረስ አልቻለም፤ ልጁ ሞተ። ወላድ በቃሬዛ ተሸክሞ ከጃን አሞራ የወረደ ሰው ይሄን ታሪክ ማንም ሳያብራራለት ይገባዋል። ጋሼም እዚህ ጋ ሲደርሱ እጃቸውን መጥረግ አቁመው ነበር።

ሰውየው በ1937 ምንጣፉን የሚያዞረውን ዘዴ በስሙ አስመዘገበ። የመጀመሪያው መኪናው ሰባት ሰው የሚጭን ነበር። ሐኪምና ፖስታ ያመላልስ ነበር። ጥሩ ተሸጠ። በ1948 ግን የኩቤክ መንግሥት የገጠር መንገዶች በሙሉ ከበረዶ ይጠረጉ የሚል ሕግ አወጣ። ሽያጩ በአንድ ዓመት በግማሽ ገደማ ወረደ። ማሽኑ አልተበላሸም። የተለወጠው መንገዱ ነው። አስፋልት የገባበት ሰፈር በቅሎ ፈላጊ እንደሚቀንሰው ማለት ነው፤ በቅሎዋ ምንም አላጠፋችም።

ቦምባርዲየር እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። በ1959 ለአንድ ሁለት ሰው የምትሆን ቀላል ማሽን አወጣ፤ ስሟንም ስኪ ዱ ብሎ አወጣላት። በዚህች ማሽን ነገሩ ፊቱን አዞረ። የግድ የነበረው የደስታ ሆነ። ሰው ሐኪም ጋ ለመድረስ ሳይሆን ቅዳሜና እሑድ ጫካ ለጫካ ለመብረር ይገዛው ጀመር። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከመቶ በላይ አምራቾች ነበሩ፤ በዓመት ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ይሸጥ ነበር። ከዚያ በ1973 የነዳጅ ቀውስ መጣ። አብዛኞቹ ጠፉ። ውለው አድረው የተረፉት አራት ናቸው፤ የቦምባርዲየር ልጅ የሆነው ቢአርፒ፣ ፖላሪስ፣ አርክቲክ ካት እና ያማሃ። ዛሬ በዓለም የሚሸጠው የዚያን ጊዜ ሩብ አካባቢ ነው።

እንግዲህ «ሽያጭ ወረደ» ሲባል ዛሬ የተጀመረ ነገር እንዳይመስላችሁ። የሰሞኑ ግን የራሱ ታሪክ አለው። ጎንደሬ ደግሞ በቀላሉ የሚገባው ታሪክ ነው፤ የጥምቀት ልብስ ታሪክ ስለሆነ።

ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ይባል የለ? ጥምቀት ሲቃረብ ቅዳሜ ገበያ ያለ ነጋዴ ያመጣውን ሁሉ ይሸጣል። አሁን አንድ ሞኝ ነጋዴ አስቡ። የጥር መጀመሪያን ገበያ አይቶ «ገበያው ተከፈተ!» ይልና ለየካቲትም፣ ለመጋቢትም ያንኑ ያህል ያዛል። በዱቤ። የካቲት ላይ ማን ይገዛዋል? የሚገዛው ሰው ጥር ላይ ገዝቶ ጨርሷል።

የኮሮና ጊዜ ለእነዚህ ማሽኖች ጥምቀት ነበር። በ2020 እና 2021 አሜሪካዊው መጓዝ አልቻለም፣ መንግሥት ገንዘብ በየቤቱ ልኳል፣ ብድር ርካሽ ነው፣ ከቤት ውጭ መሆን ደግሞ ጤና ነው ተብሏል። ሱቆቹ ባዶ ሆኑ። ሰው ወረፋ ይዞ ጠበቀ። ፋብሪካዎቹ የዕቃ እጥረት ስለነበረባቸው በጊዜው ማድረስ አልቻሉም። ሲችሉና ማሽኑን በገፍ ሲልኩ ግን የካቲት ሆኖ ነበር።

በዚያ ላይ ወለዱ። የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ መነሻ ወለድ በ2022 መጀመሪያ ዜሮ አካባቢ ነበር፤ በሐምሌ 2023 ከ5 በመቶ በላይ ሆነ። እኛ ዘንድ እቁብ ደርሶት ሞተር የሚገዛ አለ። እዚያ አብዛኛው በብድር ነው። አዲስ ስኖውሞቢል ከ15 ሺህ ዶላር በላይ ሊጠይቅ ይችላል። ያውም በዓመት ለጥቂት ሳምንት ለሚነዳ ነገር! ወለዱ ሲወጣ መጀመሪያ የሚሰረዘው እንዲህ ያለው ነው።

ብዙ ሰው የማያየው የባለሱቁን ወለድ ነው። ሱቁ ውስጥ የሚያብረቀርቀው ማሽን በአብዛኛው በአበዳሪ ገንዘብ የመጣ ነው። በቆመ ቁጥር ይበላል። ስለዚህ ባለሱቁ «አትላኩብኝ» ይላል። ፋብሪካው ሽያጭ ብሎ የሚመዘግበው ደግሞ ለባለሱቁ የላከውን ነው፤ ባለሱቁ ለገበሬው ወይ ለጎረምሳው የሸጠውን አይደለም። ይሄ ልዩነት ካልተያዘ ዜናው ያሳስታል። ፖላሪስ በ2023 ወደ 8.9 ቢሊዮን ዶላር ገቢ ነበረው፤ በ2024 ወደ 7.2 ቢሊዮን ወረደ። ቢአርፒም ከ10 ቢሊዮን ገደማ የካናዳ ዶላር በአንድ ዓመት ወደ 7.8 ቢሊዮን ወረደ። አስደንጋጭ ነው። ግን ከዚህ ውስጥ አንዱ ክፍል ኩባንያዎቹ ራሳቸው ሆን ብለው መላክ ስለቀነሱ ነው፤ በሱቅ የተከመረው እስኪያልቅ። የቀረው እውነተኛ የገዢ መጥፋት ነው።

በረዶውስ? እሱም አለበት። የ2023–24 የብርድ ወራት በአሜሪካ ዋና ምድር ከተመዘገቡት ሁሉ ሞቃቱ ነበር። ሚኒሶታና ዊስኮንሲን ላይ ሰው ማሽኑን ጋራዥ ውስጥ እያየው ወቅቱ አለፈ። ክረምቱ ዝናብ ቢያጣ ጃንጥላ ሻጩ ምን ይሆናል? ያው ነው። ሆኖም ሁሉንም በበረዶ ማሳበብ አይቻልም። በረዶ የማያስፈልጋቸው የመዝናኛ መኪኖችም ወርደዋል። ለእርሻና ለሥራ የሚገዙት ናቸው ሻል ብለው የቆሙት። አጥር የሚያጥር ገበሬ ወለድ ወጣ ብሎ ሥራውን አይተውም።

«እሺ፣ ይሄ ገበያ ነው። እኔ የጠየቅኩህ ሞተሩን ነው» አሉ ጋሼ። ልክ ናቸው።

ያማሃ ከ1968 ጀምሮ ስኖውሞቢል ሠርቷል። በሰኔ 2023 እንደሚያቆም አስታወቀ፤ ለሰሜን አሜሪካ የመጨረሻው የ2025 ሞዴል ሆነ። በዚህ ገበያ ሥራውን ማስቀጠል አስቸጋሪ ነው አለ፣ መለዋወጫና ሰርቪስ ግን አይቋረጥም አለ። ስሙን ያስጠራው ፎር ስትሮክ ሞተሩ ነው። የድሮዎቹን ቱ ስትሮክ ሞተሮች ዕድሜው የገፋ ሰው ያስታውሳቸዋል፤ ሰማያዊ ጭስ እየለቀቁ ዳገት የሚወጡትን። ቱ ስትሮክ ዘይቱን ከቤንዚኑ ጋር ያቃጥላል። ቀላል ነው፣ ፈጣን ነው፣ ግን ፒስተኑና ፋሻው ቶሎ ይበላል። ፎር ስትሮክ ዘይቱን ለብቻው ይይዛል። ዕድሜው ይረዝማል። ግን ይከብዳል።

ክብደቱ ነው ጉዱ። ሜዳ ላይ፣ በተደለደለ መንገድ፣ ረጅም ርቀት ለሚነዳ ክብደት ምንም አይደለም። ወገብ በሚደርስ ጥልቅ በረዶ ተራራ ለሚወጣ ግን እያንዳንዱ ኪሎ ይቆጠራል። ሲቀበር ጎትቶ የሚያወጣው ራሱ ነዋ። ተራራ የሚወደው ገዢ ደግሞ ቀላሉን ፈለገ። ከደባርቅ አልፎ ሊማሊሞን የሚወርድ ሹፌር ስለ ፍሬን የሚነግራችሁና ባሕር ዳር ሜዳ ላይ የሚነዳው የሚነግራችሁ አንድ አይሆንም። ሁለቱም አይዋሹም። ያማሃ ብዙ ዓመት የሚሠራ ሞተር ሠራ፤ ገዢው ግን በየጊዜው አዲስና ቀላል ለሚያወጡት ሄደ። በነገራችን ላይ የማይበላሽ ነገር ሌላም ጣጣ አለው፤ የገዛው ሰው ቶሎ ተመልሶ አይመጣም። ይሄ የእኔ ግምት ነው፤ ጋሼ ግን «የኔ ሥራ የቆመው በዚህ አይደል?» ብለው ሳቁ።

በተቃራኒው ፖላሪስን እዩ። በ2016 ከ2013 እስከ 2016 የተሠሩ 133 ሺህ ያህል አርዜድአር የሚባሉ መኪኖቹን ለጥገና ጠራ። ከ160 በላይ የእሳት አደጋ ሪፖርት ቀርቦ ነበር፤ አንድ የ15 ዓመት ልጅ ሞቷል። በ2018 ችግሩን በጊዜ አላሳወቀም በሚል ጥፋቱን ሳያምን 27.25 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። በአስተማማኝነት ብቻ ቢሆን መውጣት የነበረበት እሱ ነበር። አልወጣም። ዛሬም ከትልልቆቹ አንዱ ነው፤ ሱቁ ብዙ ነው፣ ዕቃው ይገኛል፣ መካኒኩ ያውቀዋል።

ስለ «እንትና ብራንድ ይበላሻል» ወሬ ግን አንድ ነገር ልጨምር። ጋሼ ግቢ ውስጥ ያን ቀን አሥር ሞተር ቆሞ ነበር። ሰባቱ የአንድ ፋብሪካ ናቸው። እንግዳ ሰው ቢያይ «ይሄ ፋብሪካ አይረባም» ይላል። ከተማው ላይ ከሚሄደውም ከአሥር ሰባቱ የዚያው ፋብሪካ ከሆነ ግን ምንም ማስረጃ አይደለም። በብዛት የተሸጠ በብዛት ይማረራል። ስሞታ ቆጥሮ የሚፈርድ ሰው ስንት እንደተሸጠም መቁጠር አለበት፤ ማንም አይቆጥርም።

ሌላው፣ ማሽን ተነድቶ ብቻ አይደለም፣ ቆሞም ይበላሻል። ስኖውሞቢል ስምንት ዘጠኝ ወር ይቆማል። ቤንዚኑ ታንከሩ ውስጥ ያረጃል፣ ካርቡሬተሩን ይደፍናል፣ ባትሪው ይሞታል፣ አይጥ ሽቦውን ትበላለች። መብራት ሲጠፋ ብቻ የሚነሳ ጄኔሬተር ያለው ሰው ይሄን ያውቃል። ለሠርግ ቀን ይወጣና፣ ገመዱን ሃምሳ ጊዜ ቢጎትቱት አልነሳ ይላል። ካንዴላው ይወቀሳል። ፋብሪካው ይወቀሳል። ባለቤቱን የሚወቅስ የለም።

ከሁሉ ጋሼን የማረካቸው ቺንጋው ነው። ስኖውሞቢሎችና አብዛኞቹ ጎን ለጎን መኪኖች እንደ ሞተር ሳይክል ማርሽ እየተቀያየረላቸው አይነዱም። ኃይሉ ከሞተሩ የሚተላለፈው በጎማ ቺንጋ ነው፣ ወፍጮ ቤት እንዳለው። ወፍጮ ላይ ግን ፑሌዎቹ አይለወጡም። እዚህ እያንዳንዱ ፑሌ ሁለት ሾጣጣ ሳህን ነው። ፍጥነት ሲጨምር የፊተኛው ሳህኖች ይቀራረባሉ፣ ቺንጋው ወደ ላይ ይወጣል። የኋለኛው ይከፈታል፣ ቺንጋው ወደ ውስጥ ይገባል። ማርሹ ራሱን ቀየረ ማለት ነው። ጋሼ በሁለት ሻይ ስኒ ማስቀመጫና በአሮጌ የካላማዳሪ ቁራጭ አሠርተውኝ አዩት። ከዚያ ምንም ሳልነግራቸው «ይሄ ያቃጥላል» አሉ። ያቃጥላል። ከባድ ጭነት ጎትቶ ዝግ ብሎ ሲሄድ ቺንጋው ይንሸራተታል፣ ይግላል፣ ይበጠሳል። ልምድ ያለው ነጂ ትርፍ ቺንጋ ሳይዝ ከቤት አይወጣም። ቺንጋ ያቃጠለ ሁሉ ግን ብራንዱን ነው የሚሰድበው።

አስተማማኝነት የምንለው ነገር እንግዲህ ሞተሩ ውስጥ ብቻ አይደለም። እኔ እንደገባኝ ግማሹ ከሞተሩ ውጭ ነው፤ ዕቃ አስመጪው፣ መካኒኩ፣ ምንዛሪው። በሐምሌ 2024 ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ ብዙም ሳይቆይ ከ100 አለፈ። በዚያ ሰሞን የማንም ሞተር ጥራት አልተለወጠም። የብዙ ሰው ሞተር ግን ቆመ። አሮጌው ዲኤክስ ኮሮላ እስከ ዛሬ የሚፈለገው መካኒኩ ሁሉ ጨለማ ውስጥ ሊፈታው ስለሚችልና ዕቃው ጠፍቶ ስለማያውቅ ነው። መልኩን አይተው የገዙትማ የሉም።

ለዚህ ነው ሽያጭ ሲወርድ አስተማማኝነትም የሚከተለው። የሚሸጠው ያነሰ ብራንድ ሱቁ ይዘጋል። ሱቁ ሲዘጋ ዕቃ የሚያከማች አይኖርም። ዕቃ ሲጠፋ የድሮው ገዢ ያማርራል። አዲሱ ገዢ ይሰማል። የዘንድሮው ሞተር ከአምናው ምንም ሳያንስ ስሙ ይወርዳል።

አርክቲክ ካት ይሄን ከሁሉ በላይ ያውቀዋል። ታሪኩ ራሱ የጎረቤት ጠብ ይመስላል። ኤድጋር ሄቲን የሚባል ሰው በ1954 ሮዞ በምትባል የሚኒሶታ ከተማ ፖላሪስን ከመሠረቱት አንዱ ነው። ከዚያ ተለይቶ ወጣና፣ እዚያው ሩቅ ሳይሄድ፣ ተቀናቃኙን አርክቲክ ካትን አቋቋመ። አርክቲክ ካት በ1981 ከሰረ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ተነሳ። ቴክስትሮን የተባለ ትልቅ ኩባንያ በ2017 ገዛው። የሚገርመው ይኸው ቴክስትሮን በ1968 ፖላሪስንም ገዝቶ በ1981 ሸጦት ነበር። በ2024 መጨረሻ የአርክቲክ ካት ምርት ሊቆም ነው ተባለ። በሚያዝያ 2025 ቴክስትሮን ይሄንንም ሸጠ፤ የገዙት ሥራውን ከውስጥ የሚያውቁ ሰዎች ናቸው ተብሏል። አንዳንድ ጠንካራ ሞዴሎቹ ላይ የነበረው ሞተር ደግሞ የማን ቢሆን ጥሩ ነው? የያማሃ።

በዚህ መሃል አሮጌ አርክቲክ ካት ያለው ሰው ምን ያስብ ነበር? ማሽኑ ደጁ ቆሟል። ይነሳል። ፋብሪካው ግን ይኑር አይኑር አያውቅም። አዘዞ መጥቶ ከሞተር ሳይክሌ ጎን በርጩማ ላይ ቢቀመጥ ይስማማው ነበር።

ይሄን ስነግራቸው ጋሼ ስለ ፈረስ ጉልበቱ አልጠየቁም፤ ስለ ዋጋውም፣ ስለ ቴክስትሮንም።

«አዲሶቹ ባለቤቶች» አሉ፣ «የቺንጋውን ቁጥር ቀየሩት ወይስ ያው ነው?»